መቀበል ያቃተው ሰው

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ነበረ። ቤት ሠሪ ነው። በአንድ ኮረብታ ግርጌ ከጎረቤቶቹ ጋር ይኖራል።

ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው ተስማምተው እዚያ የሰፈሩት። ሲመጡ ኮረብታው የተራቆተ ነበር። እርከን ሠሩለት፤ ዛፍ ተከሉበት፤ ከብት እንዳይገባበት ከለሉት። ደርቆ የነበረው ምንጭም ተመለሰ። ዛሬ መብራታቸው ከፀሐይ ነው፤ የሚያበስሉት ከእበት በሚወጣ ጋዝ ነው፤ ጎተራቸው የጋራ ነው።

ሰውየው አንዳርጌ ይባላል። በዚያ መንደር የእሱ እጅ ያላረፈበት ቤት የለም። ጭቃ የሚያቦካው ማን ነው? አንዳርጌ። ጣሪያ የሚከድነው ማን ነው? አንዳርጌ። ጎረቤት ሲታመም በሬ ጠምዶ የሚደርሰውስ? እሱው ነው። «እግዚአብሔር ይስጥህ» ይሉታል። «ምን አደረግሁና» ብሎ ይሄዳል።

በሰኔ የጋራውን ጎተራ ጣሪያ ሲጠግን እርጥብ እንጨት አንሸራተተውና ወደቀ። ጭኑ ተሰበረ። ተሸክመው ሐኪም ቤት አደረሱት፤ ተሸክመው መለሱት። እግሩ በጀሶ ተይዞ አልጋ ላይ ቀረ።

ክረምቱ ገባ። ጤፉን ማን ይዝራለት? መንደሩ ዘራለት። ማን ይረምለት? መንደሩ አረመለት። አንዷ ውሃ ታመጣለች፤ ሌላው ከብቶቹን ይጠብቃል፤ ልብሱን ሳይቀር አጠቡለት።

ደስ ያለው ይመስላችኋል? አልተደሰተም። ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ጀመር። ምግብ ሲያመጡለት ሳይበላ «በልቻለሁ» ይላል። አንድ ቀን ጠዋት ሚስቱን አስካለን ጠራት።

«ዕቃችንን ሸክፊ። ወንድሜ ዘንድ ከተማ እንሄዳለን።»

«ምን ሆንክ? ማን ምን አለህ?»

«ማንም ምንም አላለኝም። ሰው እርሻዬ ላይ አጎንብሶ እያየሁ እዚህ መተኛት አልችልም።»

አስካለ አልተከራከረችም። ነጠላዋን አጣፍታ ጎረቤታቸው እማማ የሻረግ ዘንድ ሄደች። እማማ የሻረግ ባል የሞተባቸው አሮጊት ናቸው። ከዓመታት በፊት ቤታቸው ተቃጥሎ መልሶ የሠራላቸው አንዳርጌ ነው።

መጡና አልጋው አጠገብ ተቀመጡ።

«ልትሄድ ነው አሉ።»

«አዎ፣ እማማ።»

«ቤቴን ስትሠራልኝ እኔ ምን ሠራሁ?»

«እርስዎማ ምን ይሠራሉ። አቅም አልነበረዎትም።»

«ያን ጊዜ ‹አልፈልግም፣ ተወኝ› ብዬህ ብሄድስ?»

«ይከፋኝ ነበር» አላቸው አንዳርጌ።

«እኔም ዛሬ ከፍቶኛል» አሉት። «እዚያ ቤት ስገባ ቀላል መሰለህ? ሰው ፊት መቅረብ አፍሬ ነበር። ግን ገባሁ። አንተ ስትሰጥ ኖርክ፤ እኛም ስንቀበልህ ኖርን። የእኛ ተራ ሲደርስ በር ትዘጋብናለህ?»

አንዳርጌ ክንዱን ዓይኑ ላይ አድርጎ አለቀሰ። አላባበሉትም፤ እስኪወጣለት ድረስ አጠገቡ ቁጭ አሉ።

በማግስቱ «ወደ ማሳው አውጡኝ» አለ። በቃሬዛ ተሸክመው ዳር ላይ አስቀመጡት። አራሚዎቹ ቀና አሉ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አላቸው። «ከሁላችሁ ተቀብያለሁ።»

ለሌላው ትንሽ ቃል ናት። ለእሱ ግን ከጎተራው ጣሪያ ይልቅ ከባድ ነበረች። ከአራሚዎቹ አንዷ ፊቷን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ሥራቸውን ቀጠሉ፤ እሱም እያጫወታቸው ዋለ።

አጥንቱ ገጠመ። ዛሬም ያነክሳል፤ ጣሪያ አይወጣም። ግን ከመንደሩ አልሄደም። እህሉ በገባ ቀን ሁሉም ለምስጋና ሲሰበሰብ ጸሎቱን እንዲመራ የለመኑት እሱን ነው።

እናንተስ፣ ወገኖቼ? መስጠት ታውቃላችሁ። ለቅሶ ቤት ስትደርሱ፣ የታመመ ስትጠይቁ አይቻችኋለሁ። መቀበልስ? ሰው «ላግዝህ» ሲላችሁ «አያስፈልግም» የምትሉት በእውነት ስለማያስፈልጋችሁ ነው? ወይስ ደካማ ሆኖ መታየት ስለከበዳችሁ?

የምትተነፍሱትን አየር ማን ሰጣችሁ? ሕፃን ሳላችሁ ማን አዘላችሁ? የከፈላችሁበት ነው? ሁላችንም ተቀብለን ነው የቆምነው። የጎረቤቱን አንድ ሳህን ሾርባ በደስታ መቀበል ያቃተው ሰው የእግዚአብሔርን ምሕረት እንዴት አድርጎ ይቀበላል?

እዚህ መካከላችን አልጋ ላይ የከረመ አለ። ሥራ የፈታ አለ። ሐዘን የሰበራት እናት አለች። ዛሬ በራችሁን የሚያንኳኳ ሰው ቢመጣ ክፈቱለት፤ አስገቡት፤ ያመጣውን ተቀበሉት። እግዚአብሔር ራሱ ልኮት ይሆናል።