የቤት ጌም ወይስ የውጭ?

በአንድ ወቅት አርባ ምንጭ ከተማ ውስጥ ጸዳለ የምትባል የሂሳብ አስተማሪ ነበረች። አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ አንድ ቀን ጫሞ ሐይቅ ላይ እንደወጣ ቀረ። ጸዳለ ኮምፒውተሯ ላይ አንድ ጌም መሥራት ጀመረች፤ አንድ ሰው በጀልባ ሆኖ በአዞዎች መሃል መረብ ይጥላል።

በዚያው ከተማ ዳንሳ የሚባል ሰው የራሱን የጌም ማሽን ሠርቶ ነበር። ማሽኑ ደህና ነበር፤ የሚጫወቱበት ጌም ስለሌለው ግን ገዢ አጣ። የጸዳለን ጅምር ሥራ ሲሰማ ቤቷ ድረስ ሄደ።

«በእኔ ማሽን ይውጣ» አላት።

«ይውጣ። እኔ ግን ደመወዝ የምትከፍለኝ የቤትህ ሠራተኛ አይደለሁም። ካሻኝ ሌላም ማሽን ላይ አወጣዋለሁ።»

«እሺ፣ ቲቸር።»

ጸዳለ ጀልባዋን ወደ ዳር የምትመልስበት ቦታ ላይ ስትደርስ ያልተመለሰው አባቷ ትዝ እያላት መጨረስ አቃታት። ወራት አለፉ። ዳንሳ ሥራው ሊዘጋበት ሲል «ሌላ ሰው ይጨርሰው?» አላት።

«እንዳሻህ» አለችው ፊቷን አዙራ።

ዳንሳ ለደመወዝተኛው ለኢያሱ ሰጠው። ኢያሱ ማዕበሉን፣ ዳር ቆማ የምትጠብቀውን ሴት፣ ሁሉንም ከራሱ ፈጥሮ ጀልባዋን መለሳት። ጌሙ ወጣ፤ ሰውም ለእሱ ሲል ማሽኑን ይገዛ ጀመር። ጸዳለ ዘግይታ ተጫወተችው። ሰውየው ከጀልባዋ ሲወርድ አየችና ከመጀመሪያው ደግማ ተጫወተችው።

ቆይቶ የስልክ ጌም የሚያወጡ ሰዎች መጡና ስልክ ያለው ሁሉ ይጫወተው አሏት። ተስማማች። ዳንሳ ሰምቶ ሽማግሌ ሰበሰበ።

«ይሄ ጌም ስልክ ላይ ከገባ ማሽኔን ማን ይገዛል?» አለ ዳንሳ። «ያለቀው በእኔ ቤት፣ በእኔ ደመወዝ ነው፤ የቤቴ ጌም ነው።»

«እንግዳ ሰው ቤት ስላደረ የቤቱ ልጅ አይሆንም» አለች ጸዳለ። «ጀልባዋ ያባቴ ናት።»

ኢያሱ ቀስ ብሎ ተናገረ። «ደመወዝ በልቻለሁ፤ አልክድም። ግን ሰውየውን መልሰው ብሎ ያዘዘኝ የለም። ቲቸር ከወሰደችው የኔን አጋማሽ ትታ ትውሰድ።»

አንድ ሽማግሌ ወደ ጸዳለ ዞሩ። «ልጄ፣ ሰውየው ወደ ዳር የማይመለስበትን ጅምር ትወስጃለሽ?»



ሽማግሌዎቹ ሳይስማሙ ተነሡ። እናንተ በቦታቸው ብትቀመጡ ለማን ትፈርዱ ነበር? ማሽኑን ሠርቶ ሰው ፊት ላወጣው፣ ከሐዘኗ ለጀመረችው፣ ወይስ ሰውየውን ዳር ላደረሰው?