የሻገተው ካሴትና የእታለማሁ ጭልፋ

ልነግራችሁ ነው፤ እውነቱን እናንተ ለዩት፣ ማጋነኑን ለኔ ተዉት።

ደሴ ከተማ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ልጇ ማሕደር እሑድ ልታገባ ነው። ትርንጎ የፈለገችው አንዲት ትንሽ ነገር ነበር፤ እናቷ በሠርጓ ቀን የመረቋትን ምርቃት ሰምታ፣ ቃል በቃል ለልጇ መድገም። እናቷ ሠርጉ ባለፈ በሦስተኛው ወር አረፉ። ድምፃቸው የቀረው በሠርጉ የቪዲዮ ካሴት ውስጥ ብቻ ነው። ያ ካሴት ደግሞ በሃያ ሰባት ዓመቱ ሻግቶ ነጭ ጢም አብቅሏል።

የድሮ ካሴት ወደ ፍላሽ ወደሚገለብጠው ወደ ባለ ፎቶ ቤቱ ፈለቀ ወሰደችው። ፈለቀ ክዳኑን ከፈት ቢያደርግ በድንጋጤ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ግድግዳው ባይዘው ኮምቦልቻ ይደርስ ነበር። ሻጋታውን በጥጥና በአልኮል እጠርገዋለሁ፣ ክሩ ግን በስብሷል፣ አንዴ ዞሮ ይበጠሳል አላት። ማጫወቻ ዴክም የለውም። ካሴቱ ያለ ዴክ አይናገርም።

በከተማው የቀረው አንድ ዴክ በጋሽ ወንዳፍራሽ ሳሎን ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ዳንቴሉን ገልጠው ቢነካኩት፣ ላስቲኩ ከተበጠሰ ቆይቷል። ጋሽ ወንዳፍራሽ ክው አሉ። ለካ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አቧራውን ሲጠርጉለት የኖሩት ሬሳ ኖሯል! ውሰጂው አሏት፤ ግን ምን ይሆናል? ካሴቱ ያለ ዴክ አይናገርም፤ ዴኩ ያለ ላስቲክ አይዞርም።

ምትክ ላስቲክ ያለው በሬዲዮ ጠጋኙ በእንድሪስ መሳቢያ ውስጥ ነው። መሳቢያው ተቆልፏል። ቁልፉን ሚስቱ ሀዋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ አኩርፋ ወንድሟ ቤት ሄዳለች። ካሴቱ ያለ ዴክ አይናገርም፤ ዴኩ ያለ ላስቲክ አይዞርም፤ ላስቲኩ ያለ ቁልፍ አይወጣም።

ትርንጎ እየሮጠች ሀዋ ዘንድ ደረሰች። እንድሪስ የሀዋን ሬዲዮ ፈታትቶ ሲገጥመው ስምንት ብሎን ተርፎታል፤ ከዚያ ወዲህ ሬዲዮው ዜና ሲከፍቱት ኳስ፣ ኳስ ሲከፍቱት የእህል ገበያ ያወራል። ሀዋ፣ ሽማግሌው አባባ ይመኑ ራሳቸው መጥተው ካላስታረቁን ቁልፍም እኔም አንመለስም አለች። ካሴቱ ያለ ዴክ አይናገርም፤ ዴኩ ያለ ላስቲክ አይዞርም፤ ላስቲኩ ያለ ቁልፍ አይወጣም፤ ቁልፉ ያለ ሽማግሌ አይመጣም።

አባባ ይመኑ በደህናው ቀን ድንጋይና ድንጋይ ያስታርቃሉ። አሁን ግን አልጋቸው ላይ ኩርምት ብለዋል። ባለቤታቸው እትዬ እታለማሁ፣ የማሕደር ሠርግ ጥሪ ከመጣ ጀምሮ፣ ወደ ሠርጉ እንዳይሄዱ ብለው ጋቢያቸውን ሣጥን ውስጥ ቆልፈውባቸዋል።

«ያለ ጋቢ የወጣ ሽማግሌ ማን ይሰማዋል፣ ልጄ?» አሏት አባባ ይመኑ።

እንግዲህ አብራችሁኝ በሉ፤ ካሴቱ ያለ ዴክ አይናገርም፤ ዴኩ ያለ ላስቲክ አይዞርም፤ ላስቲኩ ያለ ቁልፍ አይወጣም፤ ቁልፉ ያለ ሽማግሌ አይመጣም፤ ሽማግሌው ያለ ጋቢ አይነሳም።

ትርንጎ ማጀት ገብታ እትዬ እታለማሁ እግር ላይ ወደቀች። ሴትዮዋ ቀና ብለውም አላዩአት። ወጥ ከድስት እየቀዱ ነበር፤ የሚቀዱት በስኒ ነው።

«እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ጭልፋዬስ?»

«የምን ጭልፋ?»

«ለሠርግሽ ያዋስኩት፣ እጀታው የተጠማዘዘው። ሃያ ሰባት ዓመት ወጥ በስኒ ቀዳሁ።»

«ታዲያ ምነው ሳይጠይቁኝ?»

«ያዋሱትን መጠየቅ ነውር አይደለም እንዴ? አኮረፍኩ እንጂ። ሰው ከሆነች ይገባታል ብዬ።»

ትርንጎ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ዝንብ ገባ፣ ተዘዋወረ፣ የሚቀመጥበት አጥቶ ተመልሶ ወጣ። ያቺን ጭልፋ አሳምራ ታውቃታለች። የእናቴ ማስታወሻ ናት ብላ፣ በየዓመት በዓሉ በአመድ እየወለወለች፣ አንዳንዴም እጀታዋን ጉንጯ ላይ እያስጠጋች ያቆየቻት ናት። ቤቷ ሄዳ ከምስማሩ አወረደቻት። በር ላይ ቆማ አየቻት፤ ከእናቷ እጅ የቀረ የሚመስላት ይህ ብቻ ነበር። ከዚያ ታቅፋት ወጣች።

እትዬ እታለማሁ ጭልፋውን ገልበጥ አድርገው አዩና፣ ከኔ ይልቅ አንቺ ዘንድ ደልቶታል አሉ። ሣጥኑም ተከፈተ።

ጭልፋው ጋቢውን አስለቀቀ፤ ጋቢው ሽማግሌውን አስነሳ፤ ሽማግሌው ቁልፉን አመጣ፤ ቁልፉ ላስቲኩን አወጣ፤ ላስቲኩ ዴኩን አዞረ፤ ዴኩ ካሴቱን አናገረ!

ፎቶ ቤቱ ሞላ። አኩራፊው ሁሉ ታርቆ መጥቷል። ምስሉ የሻጋታ ጭጋግ ለብሷል፤ ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ወጣ። በሠርጉ ዕለት ትርንጎ እያለቀሰች ልብ አላለችውም፤ ድሮ ካሴቱን ሲያዩም ጭፈራው ጋ ለመድረስ ምርቃቱን በሩጫ ያሳልፉት ስለነበር፣ ልብ ብሎ እስከ መጨረሻው የሰማው አንድም ሰው የለም።

«ትርንጎዬ፣ ደጃፍሽ እንግዳ አይጣ። ማጀትሽ ሳቅ አይጣ። ያኮረፈሽ ሳይመሽ ይታረቅሽ።» እናትየው ትንፋሽ ወሰዱ። «ደግሞ የእታለማሁን ጭልፋ ነገውኑ መልሺ። ጠይቃ አትወስድም፤ አውቃታለሁ።»

ክሩ ቷ ብሎ ተበጠሰ። ፈለቀ ፍላሹን ነቅሎ፣ ድምፁ ሙሉውን ገብቷል አለ።

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ እታለማሁ ናቸው፤ እንባቸው እስኪወርድ። ትርንጎ ግን ቀድማ እንባው ላይ ነበረች።

እሑድ ዕለት ማሕደርን ቃል በቃል መረቀቻት። አንዲት ቃል አልዘለለችም፤ ጭልፋው ላይ ስትደርስም አላቆመችም። ሙሽሪት ግራ ገብቷት ዞር ብትል፣ ድንኳኑ ውስጥ እትዬ እታለማሁ በዚያው ጭልፋ ለሠርገኛው ወጥ ያወጣሉ።

ተረቴን መልሱ፤ የተዋሳችሁትንም አትርሱ።