ሽኝት የለመደው ጭላዳ

ቀረብ በሉ ልጆች፣ ቀረብ በሉ። አንተ እዚያ ጥግ ያለኸው፣ ሸንኮራውን ወይ ጨርሰው ወይ አስቀምጠው። እኔ እያወራሁ ካኘክብኝ ይጠፋብኛል። ተረት ልንገራችሁ? ንገሪን በሉኛ! ጮክ በሉ! እህ፣ እንዲህ ነው እንጂ።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳት እንደ ሰው ደቦ ሲወጡና ሽማግሌ ሲቀመጡ፣ ጎፈሬ የሚባል አንድ ጭላዳ ነበር። ጭላዳ ታውቃላችሁ አይደል? ያ ደጋ ላይ፣ ገደል አፋፍ የሚኖረው፣ ጠጉሩ ትከሻው ላይ የተንዠረገገ፣ ደረቱ ቀይ የሆነ ዝንጀሮ። ጎፈሬ ግን የሚኖረው ደጋ አልነበረም። ቆላ፣ ወንዝ ዳር ነበር። «ከአገርህ ለምን ወጣህ?» ሲሉት ማሳል ይጀምራል።

አፉ ማር፣ ሆዱ ጎተራ፣ እጁ ደግሞ የእንግዳ እጅ ነበር። እንግዳ ሥራ ይሠራል? አይሠራም። ጎፈሬም አይሠራም።

ቀኑ ሞቀ ሲሉት፣ «እኛ አገር እኮ! እኛ አገር ፀሐይ ራሷ ጋቢ ለብሳ ነው የምትወጣው» ይላል።

ውኃው ደፈረሰ ሲሉት፣ «እኛ አገር እኮ! እኛ አገር ውኃው ሲጠጡት ጥርስ ያንቀጠቅጣል» ይላል።

ሣሩ ደረቀ ሲሉት፣ «እኛ አገር እኮ! እኛ አገር ጓሳው ሳይታኘክ ይዋጣል» ይላል።

ክረምት ሊገባ ሲል መንደሩ ደቦ ወጥቶ የሁሉንም ጎጆ ይከድናል። «ጎፈሬ፣ ና እንጂ፣ ያንተንም እንክደን» ይሉታል። «እኔ?» ይላል ጎፈሬ፣ ጠጉሩን እያራገፈ። «እኔ እኮ መንገደኛ ነኝ። ዛሬ ነገ አገሬ እገባለሁ። የሚሄድ ሰው ጣሪያ ምን ያደርግለታል?»

እናም ጎጆው ግድግዳ ነበረው፣ በር ነበረው፣ ጣሪያ ግን አልነበረውም። ዝናብ ሲመጣ በሩን በደንብ ይዘጋና እትዬ ቆቅ ቤት ይሄዳል። በሩን ለምን እንደሚዘጋ አትጠይቁኝ። እኔም አልገባኝም።

በዚያ ቆላ አንድ ደንብ ነበር። አገሩ የሚገባን ሰው ባዶ እጁን አይሰዱትም። ድግስ ይደገሳል፣ ስንቅ ይቋጠራል፣ ሽማግሌ ይመርቃል፣ ከዚያም ጎረቤት ሁሉ እስከ ወንዙ ይሸኛል። ከሽኝት መቅረት ነውር ነው። አትሸኙኝ ማለት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነውር ነው። ይቺን ያዙልኝ።

አንድ ዓመት፣ እህሉ ሁሉ ከገባ በኋላ፣ ጎፈሬ መንደር መሐል ቆመ። «ወገኖቼ፣ አገሬ ናፈቀኝ። ልገባ ነው» አለ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ።

መንደሩ ተላቀሰ። አያ ከርከሮ፣ ሽማግሌው፣ ድንች ቆፍሮ አመጣ። እትዬ ቆቅ ማሽላ ለቅማ አመጣች። እማማ ኤሊም ዱባ በጀርባዋ ጭና ከቤቷ ተነሣች። ተበላ፣ ተጨፈረ፣ ተመረቀ፣ እስከ ወንዙ ተሸኘ። ጎፈሬ ስንቁን አዝሎ ወንዙ ዳር ያለው ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ።

ሸኚዎቹ ዕንባቸውን ጠርገው ሳይጨርሱ፣ ጎፈሬ ባዶ ስልቻ እየጎተተ መጣ።

«ምነው?»

«ወንዙ መሻገሪያው ላይ ሞላ።»

«እሰይ ያልወሰደህ! ስንቁስ?»

«እሱን ወሰደው።»

በዓመቱ ጎፈሬ እንደገና መንደር መሐል ቆመ። እንደገና አገሬ ናፈቀኝ አለ። እንደገና ድንች፣ እንደገና ማሽላ፣ እንደገና ለቅሶ። እስከ ወንዙ ተሸኘ፣ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ፣ ባዶ ስልቻውን ይዞ መጣ።

«ምነው?»

«ወፍ በግራዬ ጮኸች። መንገዴ አይቀናም።»

«የወፍ ነገርማ እውነት ነው» አለች እትዬ ቆቅ፣ ደረቷን ነፍታ። «ስንቁስ?»

«እሷን ላባብል ብዬ በተንኩላት።»

በሦስተኛው ዓመትም ያው ነው። ድንች፣ ማሽላ፣ ለቅሶ፣ ወንዝ፣ ቁጥቋጦ። ጎፈሬ ቁጥቋጦው ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ጉንጩን በድንች ሞልቶ፣ ዘንድሮ «እግሬ ወለም አለኝ» ልበል ወይስ «ሆዴን ቆረጠኝ» ልበል እያለ ሲያስብ፣ ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ። ማን ብቅ አለ መሰላችሁ? እማማ ኤሊ! ዱባዋን እንደ ጫነች።

«አንተ ነህ ልጄ?» አለች እያለከለከች። «እንኳን አገኘሁህ። ወደ ሽኝትህ እየሄድኩ ነው።»

«የትኛው ሽኝቴ?»

«እንዴ፣ ስንት አለህ? እኔ ለመጀመሪያው ነው የተነሣሁት።» ዱባውን አወረደች። ዱባውማ ደርቆ ቅል ሆኗል። «አንተ ግን ምን ታደርጋለህ?»

ጎፈሬ ድንቹን ዋጠ። «ሸክሙ እንዳይከብደኝ እያቀለልኩት ነው።»

እማማ ኤሊ ስልቻውን አየች፣ ልጣጩን አየች፣ ከዚያም ፊቱን አየች። አሮጊት ናት፣ አትታለልም። «አገርህን ትወዳለህ?»

«እወዳለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትገባም?»

ጎፈሬ መጀመሪያ ሊዋሽ አፉን ከፈተ። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ዱባ ተሸክማ ለመጣች ሰው እንዴት ይዋሻል? አቀረቀረ። «እፈራለሁ እማማ። ቢረሱኝስ ብዬ እፈራለሁ። ባይረሱኝስ ብዬ ደግሞ የባሰ እፈራለሁ። ቆላ ስቀመጥ ልቤ ደጋ ነው። ልሄድ ስነሣ እግሬ ይከዳኛል። አገር አለኝ ልበል የለኝም ልበል፣ እኔም አላውቀው።» አለና አለቀሰ። ይሄኛው ዕንባ የእውነት ነበር።

«ለማንም እንዳትነግሪብኝ» አላት።

«እኔ ምን አፍ አለኝ?» አለችው።

ወዲያው ወንዙ ዳር ዕንባዋን ለምትጠርገው እትዬ ቆቅ ነገረቻት። ኤሊ የምትዘገየው በእግሯ ነው ልጆች፣ በአፏ አይደለም። የድንቹን ነገር ግን ዋጠችው። «ልጁ ብቻውን መግባት ፈርቶ ነው» ብቻ አለች። እትዬ ቆቅ ደግሞ ለመንደሩ አዳረሰችው።

ጎፈሬ በአንድ እግሩ እያነከሰ ሲመለስ፣ መንደሩ ሁሉ ጓዙን ጠቅልሎ ቆሞ ጠበቀው።

«ይህን ያህል ስትጨነቅ እኛ ምን ዓይነት ጎረቤት ነን?» አለ አያ ከርከሮ። «ዛሬስ እስከ ወንዙ አይደለም። እስከ ደጃፍህ እንሸኝሃለን!»

አትሸኙኝ ማለት ነውር ነው። እግሬ ታመመ እንዳይል፣ ከድንጋጤው የተነሣ በየትኛው እግሩ ሲያነክስ እንደነበር ረሳው።

ወንዙን ተሻገሩ። «በቃ፣ እዚህ ይበቃል፣ ተመለሱ» አለ ጎፈሬ። «ኧረ ምን ሲደረግ!» አሉ።

ተራራው ሥር ደረሱ። «በሞቴ፣ እዚህ ይበቃል፣ ተመለሱ» አለ ጎፈሬ። «ኧረ ምን ሲደረግ!» አሉ።

ዳገቱ እኩሌታ ደረሱ። ብርዱ መጣ። የእትዬ ቆቅ ላባ ቆመ። እማማ ኤሊ አያ ከርከሮ ጀርባ ላይ ሆና ጭንቅላቷን አስገብታ አላወጣም አለች። «ስለ ፈጣሪ፣ ተመለሱ!» አለ ጎፈሬ። «ኧ-ኧ-ኧረ ምን ሲ-ሲ-ሲደረግ!» አሉ፣ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ። ቆቅ ጥርስ የላትም የሚል ልጅ ካለ ይውጣልኝ።

ገደሉ አፋፍ ላይ ደረሱ። ጭላዳዎቹ ሁሉ ሣር እየነጩ ተቀምጠዋል። ከፊት ያለችው የጎፈሬ አክስት ወርቂት ናት። አርጅታለች፣ ዓይኗ ደክሟል።

«ማን ነህ?»

«ጎፈሬ ነኝ፣ አክስቴ።»

ጭላዳዎቹ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ጎፈሬ?!» አሉ።

«ያ "ቆላ እኮ!" የሚለው ጎፈሬ?» አለች አክስቱ። «ያ በየዓመቱ "ቆላ ልወርድ ነው፣ ሸኙኝ" እያለ ድግሳችንን የጨረሰው? በመጨረሻ "እንግዲያው ተነሥ" ብለን እስከ ወንዙ አድርሰን ያሻገርነው?»

አያ ከርከሮ አክስቲቱን አያት። አክስቲቱ አያ ከርከሮን አየችው። ከዚያ ሁለቱም ጎፈሬን አዩት። ጎፈሬ ማሳል ጀመረ።

«ወንዙ ሞላ ብሏችኋል?» አለች አክስቱ።

«ብሎናል።»

«ወፏስ?»

«በግራው ጮኻለች።»

«እግሩስ?»

«ዛሬ ጠዋት ነበር የታመመው» አለ አያ ከርከሮ። «ዳገቱ አሻለው መሰለኝ።»

ኧረ የሣቁ ሣቅ! ጎፈሬ ግን አልሣቀም። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሁለት አገር ነበረው፤ ሁለቱም አወቁበት።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ከዚህ አያ ከርከሮ፣ ከዚያ አክስት ወርቂት። ፍርዱ አጭር ነበር። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ምረጥ። ቆላ ከሆነ ጣሪያ ትከድናለህ፣ ደቦ ትወጣለህ። ደጋ ከሆነ ሥር ትቆፍራለህ፣ ደቦ ትወጣለህ። ከዛሬ ጀምሮ ግን የትም ብትሄድ ማንም አይሸኝህም።»

«ሁለቱም ይሁንልኝ» አለ ጎፈሬ። «ክረምቱን እዚያ፣ በጋውን እዚህ...»

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» አለች አክስቱ።

«እኔ እኮ አራት አለኝ።»

«በአራቱም ስትሸሽ ነው የኖርከው!»

ጎፈሬ ቀስ ብሎ ጠየቀ። «አክስቴ፣ እዚያ ድንጋይ ላይ የምተኛበት ቦታዬ ተይዟል?»

«ባዶ ነው።»

«ጠብቃችሁልኝ ነው?»

«ማን ይጠብቅልሃል! ነፋስ ስለሚመታው ነው» አለች። ወዲያው ግን አንገቷን ደፋች። «ውሸቴን ነው። እኔ ነኝ ማንንም ያላስቀመጥኩበት። ስትሄድ ተናድጄ ነበር፤ ከሄድክ በኋላ ግን ናፈቅኸኝ፣ አንተ ሌባ።»

ጎፈሬ ወደ ድንጋዩ አየ። ወደ ቆላዎቹም አየ። ከብርድ የተነሣ አንዱ በሌላው ላይ ተለጥፈዋል። እሱን ብለው ነው እዚህ ድረስ የመጡት። ልቡ ለሁለት ተሰነጠቀ። ሁለቱንም ይወድ ነበር፤ እውነቱን ነው የምነግራችሁ።

«እቀራለሁ» አለ በመጨረሻ። «እዚህ እቀራለሁ።»

ከዚያስ? እንግዶቹ ተነሡ። እንግዳ ደግሞ ባዶ እጁን አይሄድም። ጎፈሬ በገዛ እጁ ሥር ቆፈረ። ጥፍሩ ተሰበረ፣ ወገቡ ዛለ፣ ስልቻውን ግን ሞላው። አንድ ጊዜ እጁ ወደ አፉ ሊሄድ ሲል አክስቱ ጉሮሮዋን ጠረገች። መለሰው።

እስከ ወንዙ ሸኛቸው። ሲሻገሩ እትዬ ቆቅ ከወዲያ ማዶ ተጣራች። «ጎፈሬ! ጎጆህን ከድኜ እንቁላሌን ልጣልበት?»

ደረቱን ውግት አደረገው። ጎጆው ጣሪያ ባይኖረውም ጎጆው ነበር። «ክደኚው!» አለ።

«ሐሳብህን ከቀየርክ ግን አሁን ና» አለችው እማማ ኤሊ።

ጎፈሬ ዙሪያውን አየ። ወንዙ ጎድሏል። ወፍ በቀኙ ትዘምራለች። እግሮቹ አራቱም ደህና ናቸው። የሚያሳብብበት ነገር ፈለገ፣ አጣ። ሄደም ቀረም፣ አሁን በራሱ ፈቃድ ነው። ለረጅም ጊዜ እጁን አውለበለበላቸው። ከዚያ ዞረና፣ ዕንባው እየወረደ፣ ያንን ዳገት ብቻውን ወጣ።

አፋፉ ላይ ሲደርስ ድግስ የለም፣ ጭፈራ የለም፣ እልልታ የለም። አክስቱ መቆፈሪያ እንጨት ወረወረችለት። «መጣህ? ውርጭ ሳይወርድ ሥር ማውጣት አለብን። ደቦ ነው፣ ና።»

ጎፈሬ ሄደ፣ ቆፈረ፣ የቆፈረውን ከዘመዶቹ ጋር ተቀምጦ በላ። ማንም ሳይሸኘው ሲበላ ያ የመጀመሪያው ነበር።

እንግዲህ ልጆች፣ ሄድኩ ሄድኩ እያለ የሚኖር ሰው፣ የተቀመጠበትም አገር አይሆነው፣ የናፈቀውም ዘንድ አይደርስ። የምትሄዱ ከሆነ ሂዱ። የምትቀሩ ከሆነ ጣሪያችሁን ክደኑ። ሁለቱንም እወዳለሁ ማለት ያባት ነው፤ ሁለት ቦታ ቁጭ ማለት ግን ለማንም አልተሰጠም።

ተረቴ እዚህ አለቀ፤ የሰማ ለልጁ ያውርስ፣ ያንቀላፋ ከጎረቤቱ ይጠይቅ። አንተ ሸንኮራው፣ አሁን ማኘክ ትችላለህ።