ከኋላ የተቀመጡት

አንድ ባዘዘው የሚባል ሰው በረዶ በማያጣው ሩቅ አገር ይኖር ነበር። የሚኖርባት ከተማ ከተራራ ሥር ናት። ተራራው አናት ላይ ደግሞ በበረዶ ሊንሸራተቱ የሚመጡ ባለጠጎች የሚያርፉበት ትልቅ ሆቴል አለ። የዚያን ሆቴል ክፍሎች የሚያጸዱት፣ አንሶላውን የሚያጥቡት ከአገር ቤት የሄዱ ሴቶች ነበሩ። ሥራ ያስገባቸው ባዘዘው ነው። ጠዋት በመኪናው ይዟቸው የሚወጣውም፣ ከሰዓት በኋላ ይዟቸው የሚወርደውም እሱ ነው። አውቶቡስ አለ፤ ግን የመጀመሪያው አውቶቡስ ተራራው ላይ የሚደርሰው የሥራ መግቢያ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነበር። ስለዚህ ባዘዘው ሲያስነጥስ ስድስት ሴቶች በአንድ አፍ "ይማርህ" ይሉ ነበር።

መኪናዋ ሰባት ሰው የምትይዝ፣ ከመሬት ከፍ ያለች፣ ግርማ ያላት መኪና ነበረች። ላያት ሰው በአራቱም ጎማዋ ዳገት የምትቧጥጥ ትመስላለች። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የሞተሯ ጉልበት የሚደርሰው ለፊት ጎማዎቿ ብቻ ነው፤ የኋላዎቹ ተጎትተው የሚከተሉ ናቸው። ባዘዘው ይህን ያውቃል። ሴቶቹ አያውቁም፤ ጠይቀውትም አያውቁም።

ከሴቶቹ መካከል በዕድሜ የምትበልጠው ሙሉሸዋ ትባላለች። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል። በዚያ አገር ዘጠኝ ዓመት ስለኖረች ቋንቋውን አሳምራ ትሰማለች። ትንሿ ደግሞ ዘርትሁን ናት። ከመጣች ገና ሰባት ወሯ ነው። ቋንቋውን ስለማታውቅ የትም ስትሄድ ከሙሉሸዋ ጎን አትለይም፤ መኪና ውስጥም ሁለቱ የመጨረሻው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ነበር የሚቀመጡት።

የበረዶው ወር ሲቃረብ የአገሩ ሰው ሁሉ የመኪናውን ጎማ ይቀይራል። ባዘዘውም አንድ ቀን ከሥራ መልስ ሌሎቹን በየቤታቸው ካወረደ በኋላ ወደ ጎሚስታ ጎራ አለ። ሙሉሸዋ ቤቷ ከሁሉም ይርቅ ስለነበር አብራው ነበረች። ብርዱን ሽሽት ወደ ውስጥ ገብታ ምድጃው አጠገብ ቆመች።

ጎሚስታው የዚያው አገር ሰው ነው፤ እጁ በቅዝቃዜ የተሰነጣጠቀ ሽማግሌ። ጎማዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰና የአራቱም ጥርስ እንዳለቀ ተናገረ። ባዘዘው ሁለት የበረዶ ጎማ ብቻ እንዲያስርለት አዘዘ፤ ለፊት።

"ሁለት ብቻ አላስርም ልልህ አልችልም" አለ ሽማግሌው። "ግን ስማኝ። ዳገት የሚያወጡህ የፊቶቹ ናቸው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዝ መኪናዋን ቀጥ አድርገው የሚያቆዩልህ ግን የኋላዎቹ ናቸው። የፊቱ መሬቱን ቆንጥጦ የኋላው ከተንሸራተተ፣ ጭራዋ ዞሮ ይቀድምሃል።"

ባዘዘው ሳቀ። የሚጎትተውን ጎማ ጥሩ አድርጎ ከያዘ ተጎታቹ የትም እንደማይሄድ፣ በዚህ መንገድ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት እንደነዳ ነገረው።

"ከኋላ ሰው ይቀመጣል?" አለ ሽማግሌው።

"ሠራተኞች ናቸው" አለ ባዘዘው።

ሽማግሌው ወደ ሙሉሸዋ ዞር ብሎ አያት። እሷ አንገቷን ደፋች። ሁለቱ ጎማዎች ታሰሩ።

በዚያች ሌሊት ሙሉሸዋ ጓደኞቿን ልታስጠነቅቃቸው አሰበች። ከዚያ የሚመጣውን ቆጠረች። ነገሩ ባዘዘው ጆሮ እንደሚደርስ ታውቃለች። ባዘዘው ከመኪናው ካወረዳት ሥራው እንደሚቀር፣ በእሷ ዕድሜ ሌላ ሥራ እንደማታገኝም ታውቃለች። በማግስቱ ጠዋት ከዘርትሁን ጎን እንደ ሁልጊዜው ተቀመጠች። ምንም አልተናገረችም።

ሳምንታት አለፉ። መኪናዋ ዳገቱን እንደ ጉድ ትወጣው ጀመር። አንድ ጠዋት መንገድ ላይ የቆሙ ሁለት መኪናዎች ጎማቸው እየተሽከረከረ በረዶ ሲረጩ ባዘዘው ጥሩምባውን ነፍቶ አለፋቸው፤ ሴቶቹም አጨበጨቡለት። ሙሉሸዋም በልቧ፣ ሽማግሌው ጎማውን ሊሸጥ ብሎ ነው እንጂ ነገሩ እንዲህ የሚያስፈራ አይደለም ማለት ጀመረች። ሰው እንዲሆን የሚፈልገውን ነገር ለማመን ብዙ ምስክር አይፈልግም።

አንድ ረቡዕ ቀን ሲወርዱ አንድ ጥምዝ ላይ የመኪናዋ ጭራ ወዘወዝ አለ። ለአንድ አፍታ ነው። ባዘዘው መሪውን አስተካከለና መንገዱ እስክስታ ይወዳል ብሎ ቀለደ። ሁሉም ሳቁ። የመጨረሻው ወንበር ላይ ያለ ሰው ግን እንቅስቃሴውን ከሌላው ይልቅ በሰውነቱ ያውቀዋል። ሙሉሸዋ አልሳቀችም። የሽማግሌውን ፊት አስታወሰች።

በማግስቱ ሐሙስ ከቀትር ጀምሮ በረዶ ያለማቋረጥ ጣለ። ከሥር የረጋው በረዶ እንደ መስታወት ነው፤ ከላይ አዲሱ ተኛበት። ሥራ ሲያበቃ ሴቶቹ ወደ መኪናው ሄዱ። ሙሉሸዋ ግን የሆቴሉ በር ላይ ቆመች። ለባዘዘው ራሷን እንዳመማት፣ የመኪናው መናወጥ እንደሚያብስባት፣ ትንሽ አረፍ ብላ በአሥር ሰዓቱ አውቶቡስ እንደምትመጣ ነገረችው። ባዘዘው ግድ አልሰጠውም። እንዳሻሽ አላት።

ዘርትሁን አንድ እግሯን መኪናው ውስጥ ካስገባች በኋላ ተመልሳ ወረደች።

"እትዬ፣ አሞዎት ብቻዎን ከሚቀሩ አብሬዎት ልጠብቅ?" አለች።

ሙሉሸዋ ልጅቷን አየቻት። ሁለት ሆነው ከቀሩ ባዘዘው ምክንያቱን ይጠይቃል፤ ከጠየቀ ነገሩ ይወጣል። ለራሷ ብቻ የሚበቃ ሰበብ ነበራት፤ ለሁለት አይበቃም።

"ሂጂ ልጄ" አለቻት። "ብርድ ይመታሻል።"

ዘርትሁን ጉንጯን ስማት ገባች። ወንበሩ ለብቻዋ ስለሆነላት ቦርሳዋን አጠገቧ አስቀምጣ፣ በኋላው መስታወት እጇን እያወዛወዘች ሄደች።

ከተራራው ወገብ ላይ በረዶ የሚጠርግ ትልቅ መኪና ከጥምዙ በኋላ መንገዱን ይዞ እየተጓዘ ነበር። ባዘዘው ድንገት ሲያየው ፍሬን ረገጠ። የፊት ጎማዎቹ መሬቱን ቆነጠጡ፤ የኋላዎቹ ግን የሚይዙት ነገር አልነበራቸውም። መኪናዋ እንደ በር ዞረች። ፊቷን ወደ መጣችበት አዙራ በጭራዋ ቁልቁል ሄደች፤ ከመንገዱ ዳር ካለው የድንጋይ ግንብ ጋር የተጋጨችውም በጭራዋ ነው። ከፊት የነበሩት ደንግጠው፣ ተላልጠው ወጡ። ባዘዘው ጭረት እንኳ አላገኘውም። ዘርትሁን ግን በወንበሩና በግንቡ መካከል ነበረች።

የአሥር ሰዓቱ አውቶቡስ እዚያ ሲደርስ መንገዱ ተዘግቶ ቆመ። ሙሉሸዋ በመስኮት አየች። ስትወርድ ልጅቷን በቃሬዛ ወደ አምቡላንስ እያስገቧት ነበር። ባዘዘው በረዶ ራሱ ላይ እየወረደበት፣ ይህ የእግዚአብሔር ሥራ እንደሆነ፣ በረዶን ማንም እንደማያሸንፈው ለፖሊሱ ይነግረው ነበር።

ፖሊሶቹ ጎማዎቹን አዩ። ባዘዘውን ሲጠይቁት ጎሚስታው ሁለቱ ይበቃሉ ብሎኛል አለ። ሽማግሌውን ሲጠይቁት ግን ያለውን ሁሉ ተናገረ፤ ያን ዕለት አንዲት ሴት ምድጃው አጠገብ ቆማ ሁሉን ትሰማ እንደነበርም ጨመረ። ፖሊሶቹ ሙሉሸዋን ለምስክርነት ጠሯት።

ቃሏን ከመስጠቷ በፊት ባዘዘው ቤቷ ድረስ መጣ። አልተቆጣም። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ማን ከጣቢያ እንደተቀበላት፣ ማን ሥራ እንዳስገባት አስታወሳት። እሱ መንጃ ፈቃዱን ከተነጠቀ የሌሎቹ ሴቶች እንጀራ እንደሚቋረጥ፣ የተሰበረው የልጅቷ ጀርባ ግን በምስክርነት እንደማይጠገን ነገራት። ሙሉሸዋ ሦስት ቀን ተጨነቀች። በአራተኛው ቀን ሄዳ እውነቱን ተናገረች። ባዘዘው መንጃ ፈቃዱን ተነጠቀ፤ ተቀጣም። ግማሹ ወገን ስንቱን ሥራ ያስገባ ሰው ላይ መሰከረች ብሎ አኮረፋት። ግማሹ ደግሞ እውነተኛ ሴት፣ ሰው ያልፈራች ብሎ አከበራት። እሷም ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና እንቅልፍ ተኛች።

በረዶው ሲቀልጥ ሙሉሸዋ ብርቱካን ይዛ ዘርትሁንን ልትጠይቅ ሄደች። እስከዚያ ድረስ ሆስፒታል ሄዳ የነበረው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ልጅቷ በመድኃኒት ኃይል ተኝታ ነበር ያገኘቻት። አሁን ግን ወደ ሌላ ቤት ተዛውራለች፤ መራመድ የማይችሉ ሰዎች ኑሮን እንደ አዲስ ወደሚማሩበት። ተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ሆና ከአስታማሚዋ ጋር በአገሬው ቋንቋ ታወራ ነበር። ቋንቋውን አልጋ ላይ ተኝታ ለምዳዋለች።

ሙሉሸዋ ሰላምታውን ከጨረሰች በኋላ የመጣችበትን ነገር አወጣች። ባዘዘው ቤቷ መጥቶ እንዴት እንደለመናት፣ እሷ ግን ለዘርትሁን ስትል እውነቱን እንደተናገረች፣ በዚህም ስንት ሰው እንደተጣላት አንድ በአንድ አጫወተቻት።

"ሰምቻለሁ" አለች ዘርትሁን። "እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎት። ያን ቀን እውነት ራስዎን አሞዎት ነበር?"

ሙሉሸዋ መዋሸት ፈለገች። አፏ እምቢ አላት።

"አላመመኝም" አለች።

"እኔን ሂጂ ሲሉኝ እያወቁ ነው ማለት ነው።"

"አደጋ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም ልጄ። ከተናገርኩ ሁላችንንም ከመኪናው ያወርደናል ብዬ ፈራሁ።"

ዘርትሁን ጉልበቷ ላይ የተጣለውን ብርድ ልብስ አስተካከለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

"ቢያወርደን ኖሮ በእግራችን እንሄድ ነበር" አለች።

ሙሉሸዋ ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ተነሣችና በሚቀጥለው ሳምንት ልምጣ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ዘርትሁን ወደ መስኮቱ እያየች፣ እንደፈለጉ አለቻት።

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ቶሎ የሚፈርደው በባዘዘው ላይ ነው። ይፈረድበት፤ ይገባዋል። ጠቀሙኝ የሚላቸውን ጠብቆ ከኋላ ያሉትን የረሳ ሰው፣ የረሳቸውን ብቻ አይደለም የሚጥለው፤ ራሱንም ነው። ለእሱ ጥፋት ግን ሕግ ነበረው፤ ተቀጣበት። ለሙሉሸዋ ጥፋት ሕግ የለውም። እንዲያውም ስለመሰከረች ተመሰገነች። ለፖሊሶቹ አልዋሸችም፤ ማንንም አልገፋችም። አደጋውን አወቀች፤ ራሷን አወጣች፤ የቀሩትን በዝምታ ሸኘች። እኛ ይህን ጥንቃቄ እንለዋለን። መኪናው ውስጥ የቀረው ሰው ግን ሌላ ስም ያወጣለታል።

ከጉዳት በኋላ የሚነገር እውነት ዳኛን ይረዳ ይሆናል። ሰው የሚያተርፈው ግን ሳይረፍድ፣ ዋጋ እያስከፈለ የሚነገረው ነው።

እርስዎስ በቅርቡ "ራሴን አሞኛል" ብለው የወረዱት ከየትኛው መኪና ነው? ውስጡስ ማንን ትተው ወረዱ?