ዳንቴል የደረበው ሰሌዳ

አቶ መክብብ የሚባሉ የሙዚቃ ማዕከል ዳይሬክተር፣ እጅ ሲነካው ኮምፒውተርን የሚያዘፍን ሰሌዳ ከውጭ አስመጡ። አቧራ እንዳይጠጣ ብለውም የተጠቀለለበትን ላስቲክ ሳይልጡ ዳንቴል ደረቡበት።

በምርቃቱ ቀን እንግዶች ፊት ቢነኩት፣ ቢጫኑት፣ ቢደበድቡት ዝም አለ።

ይህን ጊዜ ከወደ በሩ ዘፈን ተሰማ። አንዲት ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ከሳርዲን ቆርቆሮና ከአሮጌ ሬዲዮ ሽቦ የሠራችውን ሰሌዳ እየነካካች ኮምፒውተሯን ታዘፍናለች። ይህንኑ ልታሳያቸው ሦስት ሳምንት ደጅ ብትጠና፣ ዘበኛው በር ላይ ሲያግዳት፣ ጸሐፊያቸውም «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያለች ስትመልሳት ከርመዋል።

ዳይሬክተሩ በንዴት ጦፉ። «ከውጭ የመጣው ዝም ብሎ ያንቺ ቆርቆሮ የሚዘፍነው፣ ወይ ከእኛ ዕቃ ሰርቀሽ ነው፣ ወይ ጠንቋይ ሆነሽ ነው። የትኛው ነሽ? ፖሊስ ሳልጠራ ተናገሪ!»

«ሌባም ጠንቋይም አይደለሁም ጌታዬ» አለች። «የእኔ ሰሌዳ ራቁቱን ስለሆነ ሰው ሲነካው ያውቃል። የእርስዎ ላስቲክ ለብሶ፣ ዳንቴል ደርቦ፣ እጅ እንዴት ይድረስበት? እሱስ ግድ የለም፣ ላስቲኩ ሲላጥለት ይነቃል። እኔን ያሳሰበኝ የእርስዎ ነገር ነው፤ በእርስዎ ላይ የተደረበውን ጸሐፊና ዘበኛ ማን ይልጥልዎታል?»