ሰማያዊውን ቢራቢሮ ያላየው ፎቶ አንሺ

አንድ ዘለቀ የሚባል ፎቶ አንሺ ነበር። ሙያ አልጎደለውም፤ ሠርግ ቢሆን ምርቃት ቢሆን የከተማው ሰው የሚጠራው እሱን ነበር። ምንዳዬ የሚባል ሌላ ፎቶ አንሺ ከሱቁ ፊት ለፊት ሱቅ ሲከፍት ግን ሰላሙን አጣ። ምንዳዬ አዲስ መብራት ከሰቀለ ዘለቀ እርር ድብን ይላል። ከምንዳዬ ሱቅ የደንበኛ ሳቅ ከተሰማ ለዘለቀ ምሳው አይወርድለትም። አይ የሰው ነገር!

በከተማው የተሠራ አዲስ ሆቴል ሁለቱንም ጠራቸው። ከሆቴሉ አጠገብ ባለው ጥቅጥቅ ደን የሚኖረውን ሰማያዊ ቢራቢሮ ክንፉን እንደዘረጋ ያነሳ ሰው፣ ፎቶው ከነስሙ በሆቴሉ መግቢያ ይሰቀልለታል አሏቸው። «በዚህ በር ያለፈ ሁሉ የምንዳዬን ስም ሲያነብ ልኖር ነው?» አለ ዘለቀ በልቡ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየም።

ደኑን የሚያውቁ አንድ ማር ቆራጭ ሽማግሌ እየመሩ አስገቧቸው። «ልጆቼ፣ ይሄ ቢራቢሮ የላብ ጨው ይወዳል» አሏቸው። «ላብ የጠጣ ቆባችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና ዓይናችሁን ከሱ ላይ አትንቀሉ። ሲያርፍ ክንፉን ስለሚያጥፍ ደረቅ ቅጠል ይመስላችኋል። ፀሐይ እስኪያገኘው ታገሱት፣ ያኔ ይከፍተዋል።»

ሁለቱ በደኑ ውስጥ የሚወርደውን ጅረት መሃል አድርገው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ዘለቀም ቆቡን አጠገቡ ካለ የዛፍ ሥር ላይ አኖረ። ዓይኑ ግን ማዶ ነው። ምንዳዬ ካሜራውን ባነሳ ቁጥር «አገኘው! ይኸው አገኘው!» እያለ ረጅሙን ሌንሱን ወደሱ አዙሮ ቀጭ ቀጭ ያደርጋል። ሁለት ቀን እንዲሁ አለፈ።

በሦስተኛው ቀን ምንዳዬ ወደ ዘለቀ አቅጣጫ አንድ ጊዜ ፎቶ አነሳና በእጁ ምልክት ይሰጠው ጀመር። ዘለቀ ደሙ ፈላ።

«ጭራሽ ሂድልኝ ትለኛለህ? ደኑ ያባትህ ነው እንዴ?» ብሎ ጮኾ ብድግ አለ። አጠገቡ አንድ ነገር ብልጭ አለና በዛፎቹ መሃል ጠፋ።

ሆቴሉ የተመረቀ ቀን ዘለቀ መግቢያው ላይ የተሰቀለውን ፎቶ አይቶ ክው አለ። ቆቡ የራሱ ነው። ቆቡ ላይ ሰማያዊው ቢራቢሮ ክንፉን ወለል አድርጎ ከፍቷል። ክንድ በማይሞላ ርቀት ደግሞ ራሱ ዘለቀ ፊቱን አጨማዶ ሌንሱን ወደ ማዶ ደግኗል።

«ምነው ብትነግረኝ?» አለው ምንዳዬን።

«በእጄ ቆብህን ሳሳይህ አልነበር ወንድሜ?» አለው ምንዳዬ። «አንተም እንድታነሳው ብዬ ነበር። ካንተ የቀረበውማ ማንም አልነበረም።»

ዘለቀ ሱቁ ገብቶ የሦስቱን ቀን ፎቶዎች ከፈተ። ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ናቸው። አንድም ቢራቢሮ የለባቸውም። ሁሉም ምንዳዬ ነው።

ቅናት እንዲህ ያደርጋል። የሰው እጅ ምን እንደያዘ ስንሰልል አጠገባችን ያረፈውን በራሳችን ጩኸት እናባርራለን። ወዳጄ፣ አንተስ ሌንስህን ማን ላይ ደግነህ ተቀምጠሃል? ቆብህን ዞር ብለህ ካየኸው ስንት ጊዜ ሆነህ?