አፋቸው የተደፈነ የድንጋይ ጭራቆች

አንድ የሱፍ ነጋዴ በሩቅ አገር፣ ከከተማ ወጣ ባለ ገጠር፣ ትልቅ ቤት አሠራ። ሀብቱ የትናንት ነበርና የጥንት ባላባት ለመምሰል ቤቱን እንደ ድሮ ካቴድራል አስገነባው፤ አሠራሩን ጎቲክ ይሉታል። መስኮቶቹ ጫፋቸው የሾለ፣ ማማዎቹ ሰማይ ጠቀስ፤ በጣሪያው ዙሪያ ደግሞ አፋቸውን የከፈቱ፣ ጥርሳቸው ያገጠጠ የድንጋይ ጭራቆች ተደርድረዋል። ነጋዴው ሞተ፣ ልጆቹ ተበተኑ። ቤቱም አንዴ ሆስፒታል፣ አንዴ ትምህርት ቤት ሆኖ ቆይቶ፣ በመጨረሻ የቡድሃ መነኮሳት ገዙት።

ባርናቢ የሚባል ሽማግሌ ዘበኛ ከቤቱ ጋር ተረፈላቸው። አርባ ዓመት በሩን ጠብቋል፤ ጣሪያው ላይ ግን አንድም ቀን ወጥቶ አያውቅም። በሩ አጠገብ ካለችው ክፍል በቀር መጠጊያ የለውም፤ እሷን እንዳያጣ ፈርቶ እንቅልፍ አጣ።

«እነዚህ ሰዎች ጉንዳን ላለመርገጥ መሬት መሬት እያዩ የሚሄዱ ናቸው» አለ ለራሱ። «አንድ ቀን ቀና ብለው እነዚያን አስቀያሚዎች ያዩና፣ እኔንም አብረው ጠርገው ያስወጡኛል!»

መነኮሳቱ አንድም ቃል ላይናገሩ ለሦስት ቀን የዝምታ ሱባኤ ሲገቡ፣ ባርናቢ ጊዜ አገኘሁ ብሎ መሰላል አቆመ። ማንንም ሳይጠይቅ የጭራቆቹን አፍ አንድ በአንድ በሲሚንቶ ደፍኖ፣ ፊታቸውንም አለስልሶ አሳመራቸው።

በሦስተኛው ቀን ዝናቡን ያወርደው ጀመር። ለካ የጣሪያው ውኃ የሚወርደው በእነዚያ አፎች ኖሯል! መውጫ ያጣው ውኃ ወደ ውስጥ ሰርጎ በአዳራሹ ቁልቁል ወረደ፤ የቡድሃው ሐውልት በሰበሰ፣ መጻሕፍቱ ረጠቡ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይሏል ይሄ ነው።

ባርናቢ ሮጦ ደረሰና ጉዱን አየ። የመነኮሳቱ አለቃ የሆኑት እመምኔት ዝምታቸውን ትተው ከነእርጥብ ልብሳቸው ወጡ።

«አባባ ባርናቢ፣ ምን ነክቶዎት ነው?»

«አስቀያሚ ናቸው እመቤቴ። በእነሱ የተነሳ እንዳታባርሩኝ ፈርቼ ነው» አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ። «እንግዲህ ጓዜን ልሸክፍ።»

«የምን ጓዝ? እኔም እኮ ጥፋተኛ ነኝ» አሉ እመምኔቷ። «ውኃው በየት ሊወርድ ነው እያልኩ ሦስት ቀን በመስኮት ሳይዎት ነበር። ዝምታዬን ላለማፍረስ ብዬ ተውኩት። እርስዎ የእነሱን አፍ ደፈኑ፣ እኔ የራሴን። ቤቱ እንዲያፈስ ያደረግነው ሁለታችን ነን። ይልቅ መዶሻና መሮ ያምጡ፣ መሰላሉን እኔ እይዛለሁ።»

ዝናቡ ጋብ ሲል ባርናቢ ወጣ። የመጀመሪያው አፍ ሲከፈት ጥቁር ውኃ ተግተልትሎ ሁለቱንም ከራስ እስከ እግራቸው አለበሳቸው። በአዳራሹ ግን ጠብታው ቆመ።

ወዳጆቼ፣ በየቤታችንና በየመሥሪያ ቤታችን አፉን ከፍቶ የማያምር ነገር የሚያወጣ ሰው አይጠፋም። መልኩን ስለጠላን እንደፍነዋለን፤ የሚያየውም ጨዋ ልሁን ብሎ ዝም ይላል። ያ ሰው ግን ጉድፋችንን ወደ ውጭ እየተፋ በደረቅ ያኖረን ነበር። ዛሬ የእርስዎ ቤት የሚያፈሰው የማን አፍ ተደፍኖ ይሆን?